ሳይቃጠል በቅጠል፦ የጠፈር መንኮራኩር ጋሻና ያልተሰሙ ማስጠንቀቂያዎች

ክብደቱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በማቀዝቀዣ ግድግዳ ውስጥ ከሚሞላው ፎም ጋር የሚመሳሰል፣ በእጅ ተሰብሮ የሚፈረፈር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ተነስታ 82 ሰከንድ ገደማ ሲሆናት፣ ይህ ፎም ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መታው። ከ16 ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1፣ ወደ መሬት ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ለማረፍ የቀራት ሩብ ሰዓት ገደማ ነበር። በሕንድ የተወለደችው ካልፓና ቻውላና የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከሰባቱ ተጓዦች አንድም አልተረፈም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይነገራል። ድንገተኛ ግን አልነበረም። ፎሙ ክንፉን ሲመታ በካሜራ ተቀርጿል። በማግስቱ መሐንዲሶች ፊልሙን ተመልክተው ደንግጠዋል። ኮሎምቢያ ከሁለት ሳምንት በላይ መሬትን ስትዞር፣ ስለ ክንፏ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች መሬት ላይ ነበሩ። ጠየቁ፣ ደግመው ጠየቁ፣ ሰሚ አጡ።

ፎም እንዴት መንኮራኩር ይጥላል? መልሱ ያለው የሙቀት መከላከያው በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

መሬትን የሚዞር መንኮራኩር በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ለመመለስ ይህን ሁሉ ፍጥነት መጣል አለበት፤ ፍሬኑ ደግሞ አየር ነው። ከባቢ አየር ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ያለው አየር ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ ተጨምቆ ይግላል። ብዙ ሰው ሙቀቱ ከመፋተግ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ዋናው ምንጩ ግን ይህ መጨመቅ ነው። የኮሎምቢያ ክንፍ የፊት ጠርዝ 1,650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚደርስ ሙቀት ይቀበላል። ከጠርዙ በስተጀርባ ያለው የክንፉ አጽም አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም 660 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። በእሳቱና በአጽሙ መካከል ያለው ከተጠናከረ ካርቦን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ብቻ ነው።

በመንኮራኩር ላይ ብዙ ነገር ተጠባባቂ አለው። አንዱ ኮምፒውተር ቢበላሽ ሌላው ይተካል፤ አንዱ ቧንቧ ቢዘጋ ሌላ መስመር ይከፈታል። የሙቀት ጋሻ ግን ምትክ የለውም። የተበሳ ጋሻ ይዞ ወደ አየር የገባ ሰው መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን ሊቀይር አይችልም። ስለዚህ ስለ ጋሻ የሚነሳ ጥርጣሬ መፈተሽ ያለበት ከመመለሱ በፊት ነው።

የመንኮራኩሩ የመጀመሪያ የዲዛይን መመሪያ ይህን ያውቅ ነበር። በጉዞ ላይ ከታንኩም ሆነ ከሌላ ክፍል የሚወድቅ ነገር መንኮራኩሩን እንዳይመታ ያዝዛል። ነገር ግን ገና ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች ጀምሮ ፎም ይወድቅ ነበር። ወደቀ፣ ታይሎቹን ጫረ፣ መንኮራኩሩ በሰላም ተመለሰ፣ ታይሎቹ ተጠገኑ። እንደገና ወደቀ፣ እንደገና ተመለሰ። ከጊዜ በኋላ መመሪያው የሚከለክለው ነገር የጥገና ክፍል የዘወትር ሥራ ሆነ። ኮሎምቢያን ከመታው ቦታ ላይ ራሱ ፎም ተገንጥሎ የወደቀባቸው ቀደምት በረራዎች ነበሩ። የመጨረሻው በኦክቶበር 2002፣ ከኮሎምቢያ ጉዞ ሦስት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ጉዳዩ በስብሰባ ታየ፤ ቀጣዩ በረራ እንዲሄድ ተፈቀደ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የተቋጠረው። ፎሙ በወደቀ ቁጥር አስፈሪነቱ መጨመር ሲገባው ቀነሰ። “ባለፈው ምንም አልሆነም” የሚለው ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ማስረጃ ግን አይደለም። ፍሬኑ የላላ መኪና አሥር ጊዜ ቁልቁለት ወርዶ በሰላም ቢደርስ ፍሬኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ አሥር ጊዜ ዕድል ገጥሞታል ማለት ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳያን ቮን ይህን ልማድ የቻሌንጀርን አደጋ ስታጠና “ጥፋትን መላመድ” ብሎ ሊተረጎም የሚችል ስም ሰጥታዋለች። ሰዎቹ ሕግ ለመጣስ የተነሱ አልነበሩም። ትናንት ያለፈውን ዛሬም አሳለፉት እንጂ።

አሁን ወደ እነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት እንመለስ።

ፊልሙን ያዩት መሐንዲሶች ፎሙ ክንፉን መምታቱን አወቁ፤ ምን ያህል እንደጎዳው ግን ከፊልሙ መለየት አልቻሉም። የተሠራበት የስሌት ፕሮግራም በትንንሽ ቁርጥራጮች የተፈተነ ነበር፤ ይህ ፎም ከእነዚያ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቀላል ነገር ጠየቁ፦ በመከላከያ ኃይሉ የስለላ ሳተላይቶች ወይም ቴሌስኮፖች የክንፉ ፎቶ ይነሳ። ጥያቄው በተለያየ መንገድ ሦስት ጊዜ ቀረበ። ሦስቱም ጊዜ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። አለቆቹ ፎቶው ክንፉን ለማየት ያስፈልጋል ወይ ብለው ከመመርመር ይልቅ፣ ጥያቄው በትክክለኛው መስመር መጥቷል ወይ፣ ማንስ በይፋ ጠይቆታል የሚለውን አጣሩ።

በጆንሰን የጠፈር ማዕከል ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሮድኒ ሮቻ ፎቶ አይነሳም መባሉን ሲሰማ ኢ-ሜይል ጻፈ። ውሳኔው ስሕተት እንደሆነ፣ ኃላፊነት የጎደለው ለመባልም እንደቀረበ በግልጽ አስቀመጠ። ለሥራ ባልደረባው አሳየው። ለአለቆቹ ግን አልላከውም። በኋላ ሲጠየቅ፣ እርሱ ከታች፣ ወሳኟ ኃላፊ ደግሞ ከላይ እንደነበሩ በማነጻጸር ነበር ያስረዳው። በዓለም ቀዳሚ ነው በሚባል የሳይንስ ተቋም ውስጥ የሠለጠነ መሐንዲስ ያወቀውን ለመናገር ፈራ።

ከመሬት ለኮሎምቢያ አዛዥና ረዳት አብራሪ ኢ-ሜይል ተላከላቸው። ፎሙ መምታቱን ነገራቸው፤ አያይዞም ይህ ከዚህ በፊትም የታየ ነገር ስለሆነ ለመመለስ ምንም ሥጋት እንደሌለ አረጋገጠላቸው። ያ “ባለፈው ምንም አልሆነም” የሚለው ቃል እስከ ጠፈር ድረስ ተጉዞ ደረሰ።

ከአደጋው በኋላ የተሰየመው አጣሪ ቦርድ በአድሚራል ሃሮልድ ጌማን ይመራ ነበር። በጁላይ 2003 በቴክሳስ በተደረገ ሙከራ ተመሳሳይ ፎም በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ከእውነተኛ የመንኮራኩር ክንፍ በተወሰደ ሰሌዳ ላይ ተተኮሰ። ፎም ካርቦንን አይበሳም ብለው ይከራከሩ የነበሩ ሰዎች ባሉበት ዓለም፣ ሰሌዳው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፈተበት። በስሌት ሲያከራክር የነበረው ነገር በአንድ ተኩስ ተዘጋ። ሙከራው ግን ከቀብር በኋላ የተደረገ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ለአለቆቹ የሚቀርብ አንድ መከላከያ አለ፤ ሊሰማም ይገባዋል። እያንዳንዱ በረራ አደጋ አለው። አንድ ኃላፊ በየቀኑ ብዙ ሥጋት ይቀርብለታል። ሁሉንም አምኖ ቢያቆም ማንም ሰው ከመሬት አይነሳም። ደግሞስ ቀዳዳው ቢታወቅ ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? ጠፈር ላይ ጋራዥ የለ።

ክርክሩ በሁለት ቦታ ይፈርሳል። አንደኛ፣ መሐንዲሶቹ በረራ ይቁም አላሉም። የጠየቁት ፎቶ ነው። የፎቶው ዋጋ ጥቂት ስልክና ጥቂት ሰዓት ነበር። ሁለተኛ፣ ምንም ሊደረግ አይችልም የሚለው እውነት አልነበረም። ቦርዱ ባስጠናው ጥናት መሠረት፣ ጉዳቱ ቶሎ ቢታወቅ ኖሮ ለቀጣዩ ጉዞ እየተዘጋጀች የነበረችው አትላንቲስ መንኮራኩር ተጣድፋ ወጥታ ተጓዦቹን ልታመጣቸው ትችል ነበር። ከባድ ነው፣ አደገኛም ነው፣ ግን የሚቻል ነው ተብሏል። የኮሎምቢያ ተጓዦች አየራቸውን ቆጥበው እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ሊቆዩ ይችሉ ነበር። “ምንም ማድረግ አይቻልም” የሚለው መልስ የመጣው ጥያቄው ሳይጠየቅ ነው።

ቦርዱ በኦገስት 2003 ባወጣው ሪፖርት የተቋሙ ባህል ከፎሙ እኩል የአደጋው ምክንያት መሆኑን ጻፈ። ከዝርዝሩ አንዱን ማንሳት ይበቃል። ናሳ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2004 ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ትልቅ ክፍል ለማድረስ ቀነ ገደብ ቆርጦ ነበር፤ ለኃላፊዎች በኮምፒውተራቸው ስክሪን ላይ ወደዚያ ቀን የቀረውን ጊዜ የሚቆጥር ምስል ተልኮላቸዋል። ሰው ፊት ለፊቱ ሰዓት እየቆጠረ ሳለ ለሥጋት የሚሰጠው ጆሮ ይጠብባል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የማስረጃ ሸክሙ መገልበጡ ነው። በጤናማ አሠራር “ደህና ነው” የሚለው ሰው ያረጋግጣል። በኮሎምቢያ ጊዜ ግን “ደህና አይደለም” የሚሉት እንዲያረጋግጡ ተፈረደባቸው፤ የሚያረጋግጡበትን ፎቶ ደግሞ ተከለከሉ። እንዲህ ያለውን ክርክር ማንም ሊያሸንፍ አይችልም።

ይህ ለናሳ የመጀመሪያው አልነበረም። ቻሌንጀር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሳች በ73 ሰከንድ ስትጠፋ ምክንያቱ በብርድ የደረቀ የጎማ ቀለበት ነበር። የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ታያኮል ኩባንያ መሐንዲስ ሮጀር ቦይጆሊ ስለ ቀለበቱ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቋል። በረራው ዋዜማ ሌሊት በተደረገው የስልክ ስብሰባም እርሱና ባልደረቦቹ በዚህ ብርድ አይነሳ ብለው ተከራከሩ። በስብሰባው መሐል የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ የምሕንድስና ኃላፊውን የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቀህ የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣ አድርግ አሉት። ባርኔጣው ተቀየረ፤ ፈቃዱ ተሰጠ። አልፈርምም ያለው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ በኋላ እውነቱን ለመርማሪዎች በመናገሩ ከኃላፊነቱ ዝቅ ተደረገ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው የአሜሪካ ምክር ቤት ጣልቃ ከገባ በኋላ ነው።

ከቻሌንጀር በኋላ በሁለተኛው በረራ፣ በዲሴምበር 1988፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ መጣ። አትላንቲስ ስትነሳ ከጎን ሮኬቷ አፍንጫ የተገነጠለ ነገር ሆዷን መታ። አዛዡ ሮበርት ጊብሰን በሮቦት ክንዱ ካሜራ ጉዳቱን ሲያይ እንደሚሞቱ አምኖ ነበር። ጉዞው ወታደራዊ ምስጢር ስለነበር ምስሉ የተላከው ጥራቱ በወረደ መንገድ ነው፤ መሬት ላይ ያሉት አይተው ችግር የለም አሉ። አትላንቲስ ስታርፍ ከ700 በላይ ታይሎቿ ተጎድተው ተገኙ። አንዱ ጭራሹን ተነቅሎ ነበር። ያዳናት ታይሉ የተነቀለበት ቦታ ከስሩ ለአንቴና የተገጠመ ወፍራም ብረት የነበረው መሆኑ ነው። አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ የኮሎምቢያ ታሪክ በ1988 ይጻፍ ነበር። ያ መንኮራኩር በመመለሱ ግን ትምህርቱ “ከዚህ ያህል ጉዳት ጋርም ይመለሳል” የሚል ሆነ። ከአደጋ መትረፍም አንዳንዴ እንዲህ ያታልላል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት እስከ ጠፈር መሄድ አያስፈልጋቸውም። በኦክቶበር 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ከወደቀ በኋላ፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በውስጥ ትንተና ሠርቶ ነበር። ማስተካከያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ከ15 ያላነሱ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ አስልቷል። ለአብራሪዎች መመሪያ ተላከ፤ አውሮፕላኖቹ ግን ሶፍትዌሩ እስኪስተካከል መብረራቸውን ቀጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላም ብዙ አገራት አውሮፕላኑን ሲያግዱ አሜሪካ ያገደችው ዘግይታ ነው፤ መጀመሪያ አደገኛነቱ ይረጋገጥ ተብሎ። የማስረጃው ሸክም እዚህም ተገልብጦ ነበር።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በጨረቃ ጉዞ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ሰው ያልያዘው ኦራየን መንኮራኩር በአርቴሚስ 1 ጉዞ ጨረቃን ዞሮ ዲሴምበር 11 ቀን 2022 ተመለሰ። ከጨረቃ የሚመለስ መንኮራኩር በሰዓት 40,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ስለሚገባ ጋሻው 2,700 ዲግሪ አካባቢ ይቀበላል። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ይህ ጋሻ አቭኮት ከተባለ ነገር የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ለመሄድ ቀስ እያለ እንዲከስልና እንዲሸረሸር የታሰበ ነው። ሲመለስ ግን እንደታሰበው አልሸረሸረም። ከ100 በላይ ቦታዎች ላይ የከሰለው ክፍል እየተሰበረ ወጥቷል። ናሳ ጉዳዩን በ2023 አንስቶታል፤ የጉዳቱ ፎቶግራፎች በዝርዝር የታዩት ግን በሜይ 2024 የናሳ ኢንስፔክተር ጄኔራል ሪፖርት ሲወጣ ነው።

በዲሴምበር 2024 ናሳ ምክንያቱን አሳወቀ። አቭኮት ሲግል በውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ጋሻውን ይሰነጥቀዋል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ደግሞ አራት ሰዎች ለሚጓዙበት አርቴሚስ 2 ያንኑ ዓይነት ጋሻ ይዞ የመግቢያውን አቅጣጫ መቀየር ነበር። ሁሉም አልተስማማም። ከተቃወሙት አንዱ ቻርለስ ካማርዳ ነው፤ የሙቀት መከላከያ መሐንዲስና የቀድሞ ጠፈርተኛ ሲሆን፣ ከኮሎምቢያ አደጋ በኋላ በመጀመሪያው በረራ የወጣ ሰው ነው።

ለናሳ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ይህ የ2003ቱ ናሳ አይደለም። መረመረ፣ በቤተ ሙከራ ሞከረ፣ ከውጭ ባለሙያ ጠራ፣ ምክንያቱን ይፋ አደረገ። በመንኮራኩሩ ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ይተርፍ እንደነበርም በልኬት አሳይቷል። ይህ ሁሉ ከኮሎምቢያ የተማረው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መረሳት የለበትም። የአንድ ጉዞ በሰላም መጠናቀቅ ክርክሩን አይዘጋውም። አትላንቲስም በ1988 በሰላም ተመልሳለች። ውሳኔ የሚመዘነው በውጤቱ ብቻ ሳይሆን ሲወሰን በታወቀውና በተጠየቀው ነገር ነው።

ናሳ ራሱ ይህን በ2024 በተግባር አሳይቷል። የቦይንግ ስታርላይነር ሁለት ጠፈርተኞችን ወደ ጣቢያው ሲያደርስ ሂሊየም አፈሰሰ፤ ትንንሽ ሞተሮቹም ከመንገድ ላይ አስቸገሩ። ለስምንት ቀን ገደማ የሄዱት ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ በዚያው ይመለሱ ወይስ ይቅሩ የሚል ክርክር ተነሳ። ኩባንያው መንኮራኩሩ ደህና ነው አለ፤ ናሳ እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ውሳኔው መንኮራኩሩ ባዶውን ይመለስ፣ ሰዎቹ ይቆዩ የሚል ሆነ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ስታርላይነር ባዶውን ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሰዎቹ ዘጠኝ ወር ቆይተው በማርች 2025 በሌላ መንኮራኩር መጡ።

ያኔ አንዳንዶች “ይኸው በሰላም አርፏል፤ ሰዎቹን ማስቀረት ለምን አስፈለገ?” አሉ። ይህ ጥያቄ ራሱ “ባለፈው ምንም አልሆነም” የሚለው ቃል ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ። የናሳ ኃላፊዎች ያውቁት የነበረው መንኮራኩሩ ይተርፍ እንደሆነ እርግጠኛ አለመሆናቸውን ነው። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው “እርግጠኛ አይደለሁም” ብሎ ወስኖ፣ ያ ውሳኔ ተቀባይነት አገኘ። ከኮሎምቢያ የ21 ዓመት ርቀት ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

የዚህ ሁሉ ትርፍ ከመንኮራኩር ይሰፋል። ሕንፃ የሚሠራ፣ ድልድይ የሚያስተዳድር፣ መድኃኒት የሚያስገባ፣ አውቶቡስ የሚያሰማራ ሁሉ ከበታቹ “ይህ ነገር አልጣመኝም” የሚል ሰው አለው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉ ማስረጃ የለውም። ቢኖረውማ ጉዳዩ ማስጠንቀቂያ መባሉ ይቀርና የምርመራ ሪፖርት ይሆን ነበር። ማስጠንቀቂያ በባሕርዩ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው። ማስረጃ ካላመጣህ ዝም በል የሚባልበት ቤት ማስጠንቀቂያን በሙሉ ከልክሏል።

ለዚያ ሰው ሊደረግለት የሚገባው ትንሽ ነው። ሥጋቱ ሲቀርብ “ማን ላከህ?” ከማለት ይልቅ “ለማጣራት ምን ያስፈልግሃል?” ይባል። “ደህና ነው” የሚለው ወገን ደህንነቱን ያሳይ። የተናገረ ሰው ሥጋቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አይቀጣ። ሥጋት ተጣርቶ ባዶ ቢሆን የጠፋው ጥቂት ሰዓት ነው።

ሮድኒ ሮቻ የጻፈው ኢ-ሜይል ዛሬ በየምሕንድስና ትምህርት ቤቱ ይነሳል። የሚነሳው ባለመላኩ ነው። ቢላክና ቢሰማ ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር፤ አንድ ፎቶ ተነስቶ፣ አንድ ቀዳዳ ታይቶ፣ ሰባቱን ሰዎች ለማምጣት የሚደረግ ሩጫ ይጀመር ነበር። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። በቅጠል የጠፋ እሳት ዜና አይሆንም፤ ቤቱ ግን ይቆማል።